የ15 ዓመት ልጄ «ሴት ነኝ» ብሎ ነገረኝ፤ አማካሪዋ «ቤተሰቡ በሙሉ ይምጣ» አለች። የቤተሰብ ቴራፒ ገብታችሁ የምታውቁ?

ዝምተኛዋ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ስጽፍ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ጽፌ አጥፍቻቸዋለሁ።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ወንድ ተብሎ ተወልዶ ወንድ ተብሎ ነው ያደገው። ከአራት ወር በፊት አንድ ማታ በስልክ መልእክት ላከልኝ። «እማ፣ እኔ ሴት ነኝ። ዛሬ የሆንኩት አይደለም፣ ሁሌም ነበርኩ» ይላል። የምንኖረው አንድ ቤት ነው። እኔ ሳሎን ነበርኩ፣ እሱ ከግድግዳው ማዶ። መልሱን ለመጻፍ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። የጻፍኩትም «እሺ፣ ነገ እናወራለን» የሚል ብቻ ነው። ነገ አላወራንም። እስካሁንም በወጉ አላወራንም።

አባቱ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ አሁን ደግሞ ጉዳዩ ቤት ውስጥ እንዳይነሳ ብሏል። ልጄ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ውጤቱ ወርዷል። ሌሊት ነቅቶ ቀን ይተኛል። ባለፈው ሳምንት ማስታወሻ ደብተሩን አነበብኩ። (አውቃለሁ፣ ማንበብ አልነበረብኝም። በዚህ አትውቀሱኝ።) «ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር» የሚል አረፍተ ነገር አለ። ከዚያ ወዲህ እኔም እንቅልፍ የለኝም።

አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋገርኩ። «ልጁን ብቻውን አላይም፣ እናንተም ኑ» አለችኝ። ባለቤቴ «ችግሩ ያለው እሱ ጋ፤ እኛ ምን ቤት ነን?» ይላል። እውነቱን ልናገርና እኔም ውስጥ ውስጡን እንደሱ ነው የማስበው።

የቤተሰብ ቴራፒ ገብታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። እዚያ ምንድን ነው የሚደረገው? ልጄን ይመልሱልኛል? ወይስ እኔን አሳምነው ነው የሚሸኙኝ?

ጡረተኛዋ አማካሪ

እህቴ፣ ስለ ቴራፒው ቆይቼ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለዚያች አረፍተ ነገር።

ዛሬ ማታ በቀጥታ ጠይቂው። «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በይው፣ ቃሉን ሳትሸፋፍኚ። ብዙ ወላጅ ብጠይቅ ሐሳቡን እኔው አስገባበታለሁ ብሎ ይፈራል። ነገሩ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። ለብዙዎቹ እንዲያውም እፎይታ ነው፤ ሰው የማይነካውን ነገር አንድ ሰው ነካው ማለት ነው።

«አዎ» ካለሽ አትጩኺ፣ አታስምዪው፣ «እኔስ ምን እሆናለሁ» አትበዪው። ዕቅድ እንዳለው ጠይቂ። ካለው ለደቂቃ ብቻውን አትተዪው፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ። ባይኖረውም ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የራስ ምታቱንም ሳይቀር፣ ቆልፊበት። በጣም የሚከፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው። በዚያች አጭር ሰዓት እጁ አጠገብ ምን አለ የሚለው ነገር ሕይወት ያተርፋል።

ጠይቀሽው ተመለሽ። የቀረው ይደርሳል።

ባለ ሁለት ልጅ

ጡረተኛዋ ባለችው ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ የባልሽ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝና ከዚያ ልናገር።

የኔ ልጅ ሴት ሆኖ ተወልዶ በ14 ዓመቱ «ወንድ ነኝ» ያለ ነው። አሁን 17 ሞልቶታል። ያኔ ቴራፒ የሄድኩት ባለቤቴ ስላስገደደችኝ ነው። በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር መርጬ፣ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ስብከት ነበር የጠበቅሁት። «ዘመኑ ይህ ነው፣ ተቀበሉ» ትለናለች ብዬ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

ሴትዮዋ 20 ደቂቃ ሙሉ ስለ ጾታ ትንፍሽ አላለችም። ትምህርት ቤት፣ እንቅልፍ፣ ማን ከማን ጋር ያወራል፣ ማን ማንን ይፈራል። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ «በጣም ሲከፋህ፣ መሞት እስክትፈልግ ሲከፋህ፣ ወደ አባትህ የማትሄደው ለምንድን ነው?» አለችው።

ልጄ ወለል ወለሉን እያየ «ስለሚያዝንብኝ» አለ።

«ስለሚቆጣኝ» ቢል ኖሮ መልስ ነበረኝ። ለዚህ ግን አላዘጋጀሁም ነበር።

አንድ ምክር፦ ለባልሽ «ልጃችንን ለመቀበል እንሂድ» አትበዪው። «ልጃችን እንዳይሞት እንሂድ» በዪው። እኔ በመጀመሪያው ቃል ከቤት አልወጣም ነበር።

ዝምተኛዋ

ጠየቅሁት።

«አዎ፣ አስባለሁ» አለኝ። ዕቅድ የለውም። እንዳልዋሸኝ አምናለሁ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ። ከአራት ወር በኋላ ዓይኑን ያየሁት ያኔ ነው። ብዙ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ «ራበኝ» አለ። በሌሊቱ 7 ሰዓት ተቀምጦ ሲበላ አየሁት።

መድኃኒቶቹን ቆልፌያለሁ። ጠዋት ለባለሙያዋ ደውዬ ነገርኳት፤ ቀጠሮውን ወደዚህ ሳምንት አመጣችው።

የክረምት ልጅ

አንብቤ አለቀስኩ። ክሩን እየተከታተልኩ ነው።

ጡረተኛዋ አማካሪ

ጎሽ። ከባዱን አልፈሽዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «እኛ ምን ቤት ነን?» ለሚለው መልሱ ቀላል ሂሳብ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ልጁ ብቻውን አማካሪ ጋ ቢሄድ አንዷን ሰዓት እዚያ ያሳልፋል። 167ቱን የሚኖረው እናንተ ጋ ነው። የቤተሰብ ቴራፒስት ጥፋተኛ አይፈልግም። የሚሠራው በ167ቱ ሰዓት ላይ ነው።

«ይመልሱልኛል?» ለሚለው፦ አይመልሱልሽም። ያን ቃል የሚገባልሽ ሰው ካለ ሽሺው፤ ሌሎች በዚህ ላይ ቢጽፉ ደስ ይለኛል። ግን «አሳምነው ይሸኙኛል?» ለሚለውም መልሱ አይደለም ነው። ዋናው ሥራ የልጁን ጾታ መወሰን አይደለም። በእናንተና በልጁ መካከል የተበጠሰውን መቀጠል ነው።

ይህ ዝም ብሎ ደግ ሐሳብ አይደለም፣ ዘዴ አለው። ከዘዴዎቹ በደንብ የተፈተሸው ጋይ ዳይመንድና ባልደረቦቹ በፊላደልፊያ ያዳበሩት፣ በወላጅና በልጅ ትስስር ላይ ያተኮረ የቤተሰብ ቴራፒ ነው። የተሠራውም በድብርትና ራስን በማጥፋት ሐሳብ ለተያዙ ወጣቶች ነው። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይወስዳል። ባለ ሁለት ልጅ የነገረን ጥያቄ፣ «ሲከፋህ ወደ አባትህ የማትሄደው ለምንድን ነው?» የሚለው፣ የዚህ ዘዴ መግቢያ በር ነው። ከዚያ ቴራፒስቱ ልጁን ለብቻው ያገኘዋል፤ የጎዳው ነገር ምን እንደሆነ ቃል እንዲያገኝለት ይረዳዋል። ወላጆችን ደግሞ ለብቻቸው ያገኛል። የራሳቸውን ልጅነት ሳይቀር ይጠይቃቸዋል፤ አንተ በ15 ዓመትህ ሲከፋህ ወደ ማን ነበር የምትሄደው? ሁለቱም ወገን ሲዘጋጅ ያገናኛቸዋል። ልጁ ይናገራል፣ ወላጅ ሳያቋርጥ ይሰማል። በኔ ልምድ የሥራው ሁሉ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ስለ ትምህርት፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ማንነት ማውራት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናታቸው 66 ወጣቶችን የያዘ ነበር። ራስን የማጥፋት ሐሳብ በዚህ ቴራፒ ከተለመደው ክትትል ይልቅ በፍጥነት ቀንሷል። በ2012 ደግሞ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወጣቶች አስተካክለው ሞከሩት። ሙከራው ትንሽ ነበር፣ 10 ልጆች ብቻ። ካደረጉት ማስተካከያ አንዱ ወላጆች ለብቻቸው የሚገናኙበትን ጊዜ ማርዘም ነው። ለትራንስጀንደር (ባጭሩ ትራንስ፤ ሲወለዱ ከተባሉት ጾታ የተለየ የጾታ ማንነት ላላቸው) ልጆች ብቻ ተብሎ የተሠራ ትልቅ ሙከራ የለም። ስለዚህ ተአምር አልሸጥልሽም። ከዚህ ሌላ ዣን ማልፓስ የተባለ ቴራፒስት ኒው ዮርክ በሚገኘው አከርማን ኢንስቲትዩት የሠራበት መንገድ አለ። በ2011 ጽፎታል። ወላጆችን ለብቻ ማሠልጠን፣ ቤተሰቡን አንድ ላይ ማግኘት፣ ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸውን ቤተሰቦች በቡድን ማገናኘት፤ እነዚህን አዳብሎ ነው የሚሄደው።

ቀጥተኛው

ይቅርታ፣ ማንም የማይለውን ልበል። 15 ዓመት ልጅ ነው! እኔ በ15 ዓመቴ ገጣሚ ነበርኩ፣ በ16 ዓመቴ ፓይለት። ኢንተርኔት ላይ ያየውን ይዞ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ቴራፒ ገብቶ በአዲስ ስም ሲጠራ፣ ነገ መድኃኒት፣ ከነገ ወዲያ ቀዶ ሕክምና ይላሉ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ቆም ብለዋል አይደል? እናቲቱ ልጇን ትውደደው፣ ግን ጊዜ ትስጠው።

የማታ አንባቢ

ቀጥተኛው፣ ጥያቄህን አልንቀውም። ግን ሦስት ነገር አንድ ላይ አፍልተኸዋል።

ስለ እንግሊዝ ግማሹን ይዘሃል። ዶክተር ሂላሪ ካስ የመሩት ግምገማ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ወጣ። ጉርምስናን የሚያዘገዩ መድኃኒቶችና ሆርሞን ለታዳጊዎች ስላላቸው ጥቅም ያለው ማስረጃ ደካማ ነው አለ። የአገሪቱ የጤና አገልግሎትም ከአንድ ወር ቀደም ብሎ እነዚያን ማዘግያዎች በመደበኛነት ማዘዝ አቁሟል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ይኸውልህ። ያው ሪፖርት ልጆቹ በሙሉ ዓይን እንዲታዩ ነው የጠየቀው። ድብርቱ፣ ጭንቀቱ፣ ኦቲዝም ካለ ኦቲዝሙ፣ ቤተሰቡ። የሥነ ልቦና ድጋፍና የቤተሰብ ተሳትፎ ይጠናከር ነው ያለው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በበኩሉ በ2023 ለዚህ ሕክምና ያለውን ድጋፍ አጽንቶ፣ ማስረጃው እንደገና እንዲመረመርም አዟል። ስለዚህ ሐኪሞቹ የተከራከሩት በመድኃኒቱ ላይ ነው። ይህ ክር የሚያወራው ስለ መድኃኒት አይደለም። ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ስለማውራት ነው።

«ያልፋል» ለሚለው፦ ክሪስቲና ኦልሰን የምትመራው ጥናት 317 ልጆችን ተከታትሏል። በቤተሰባቸው ድጋፍ ስማቸውንና መጠሪያቸውን ቀይረው መኖር የጀመሩ ልጆች ናቸው። በአማካይ ከ5 ዓመት በኋላ 94 በመቶዎቹ ያንኑ ማንነት ይዘው ተገኝተዋል። እዚህ ላይም ልጠንቀቅ። እነዚህ በልጅነታቸው የጀመሩና ደጋፊ ቤተሰብ ያላቸው ናቸው። በ15 ዓመቱ የተናገረ ልጅ ጋ ቁጥሩን ወስደህ መለጠፍ አትችልም። አንተም «ሁሉም ያልፋል» ማለት አትችልም። ሁለታችንም ስለዚህ ልጅ ነገ አናውቅም። የሚታወቀው ዛሬ መኖር እንደከበደው ነው።

ቀጥተኛው

እሺ፣ የመጨረሻዋን ተቀብያለሁ። ሌላው ላይ አልተስማማንም።

ከግድግዳው ማዶ

ስሜን ያወጣሁት ከእናትየው ጽሑፍ ነው። እኔ 17 ዓመቴ ነው። ትራንስ ነኝ። ከሶፋው ሌላኛው ጫፍ የተቀመጥኩት እኔ ነኝና የዚያኛውን ልንገራችሁ።

ቀጥተኛው፣ «ጊዜ ስጪው» ስትል ልጁ ገና መጀመሩ መስሎሃል። እኔ ለእናቴ ከመናገሬ በፊት ሦስት ዓመት ለራሴ ጊዜ ሰጥቻለሁ። እናንተ ቀን አንድ የምትሉት ለኛ ቀን አንድ ሺህ ነው።

ቴራፒው መጀመሪያ ላይ አስጠልቶኝ ነበር። እናቴ ታለቅሳለች፣ አባዬ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ሶፋው ላይ ያለውን ክር እመዛለሁ። የተለወጠው ለየብቻ ሲያገኙን ነው። የመጀመሪያው ቀን ቴራፒስቱ ሁላችንም ፊት ሕግ አወጣ። ለሱ ለብቻው የምነግረው እዚያው ይቀራል፤ ራሴን ልጎዳ ከሆነ ግን ይናገራል። ይህ ግልጽ ባይሆን ኖሮ አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር። ዝምተኛዋ፣ ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠይቂ።

ሌላ ሕግ ደግሞ እኛ በከፋ መንገድ ነው የተማርነው። አባዬ «ምክር ልጠይቅ» ብሎ ለአጎቴ ነገረው። አጎቴ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ሦስት ሳምንት አባቴን አላናገርኩትም። አባዬ ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ያ የሱ ወሬ አልነበረም። ማን ይወቅ፣ ማን አይወቅ የሚለውን የሚወስነው ልጁ ነው። ቦታ አለ፣ ወሬው ቢወጣ ልጁ የሚደበደብበት፣ ከዚያም የባሰ የሚሆንበት። ለሌላ ሰው ከመንገራችሁ በፊት ይህን አስቡት።

እናቴ በስሜ መጀመሪያ የጠራችኝ እዚያ ቢሮ ውስጥ አይደለም። ሻወር ውስጥ ሆኜ ፎጣ ስታቀብለኝ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፣ አንተያይም። ጠራችኝና ሄደች። ውሃውን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ።

ዝምተኛዋ

ልጄ፣ (እንዲህ ልበልሽ ይፈቀድልኛል?) አመሰግናለሁ። ስለ ምስጢሩ ሕግ ጻፍኩት።

አንድ የሚያሳፍረኝን ልናገር። ሐዘን ላይ ነኝ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ የሕፃንነት ፎቶውን እያየሁ አለቅሳለሁ። የሞተ ሰው የለም፤ እኔ ግን ሐዘንተኛ ነኝ። ይህ ምን ዓይነት እናትነት ነው?

ባለ ሁለት ልጅ

የኔንም ፎቶ አልበም ባለቤቴ ደብቃብኝ ነበር፣ ስለማበዛ። ብቻሽን አይደለሽም።

ጡረተኛዋ አማካሪ

ፖሊን ቦስ የምትባል የቤተሰብ ቴራፒስት ስም አውጥታለታለች፣ «ድንበሩ ያልለየ ማጣት»። መጀመሪያ ያጠናችው በጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች ነው። ሰውየው ሞቷል አይባልም፣ አለም አይባልም፣ ለቅሶ አይቀመጡለትም። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የትራንስ ልጆች ወላጆች ላይም ይህንኑ አይተዋል። የጠፋብሽ ልጅሽ አይደለም፤ ስለ ልጅሽ በልብሽ የሣልሽው ነገ ነው። እሱም ይለቀስለታል።

ልቅሶው ቦታ ይፈልጋል ብቻ። ልጁ ፊት አይሁን። ከላይ ያ ልጅ «ስለሚያዝንብኝ» ያለውን አስታውሺ። ልጅ የወላጁን ዕንባ ሲያይ «እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ባልኖር ይሻላቸዋል» ብሎ ይተረጉመዋል። የወላጅ ለብቻው ቀጠሮ የተሠራው ለዚህ ነው። እዚያ የፈለግሽውን በይ። እዚያ አስቀያሚም ሁኚ።

ሰዋስው ወዳጅ

ሰው ያላነሳው ነገር አለ፤ ቋንቋችን።

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ውስጥ ክርክሩ በ«እሱ» እና በ«እሷ» ላይ ነው። የኛ ቋንቋ ግን ልጅን «ና» ለማለት እንኳ መወሰን ይጠይቃል። ና ወይስ ነይ? በላህ ወይስ በላሽ? ደክሞሃል ወይስ ደክሞሻል? ከቁርስ እስከ መኝታ አንድ እናት ስንት ጊዜ እንደምትወስን ቁጠሩት። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ዝምታ የሚመጣው። ብዙ ወላጅ ልጁን የጠላ ይመስላል፤ ግሡ ጠፍቶበት ነው።

ቴራፒ ውስጥ ያየሁት (በአስተርጓሚነት ነበር የገባሁት) አንዲት እናት ያደረገችው ነው። «አንቺ» ማለት አልወጣላት አለ። «አንተ» ስትል ደግሞ ልጇ ይሸማቀቃል። ለጊዜው በመካከል መንገድ ሄደች። «ልጄ» ወንድም ሴትም የለውም። «የኔ ዓለም» የለውም። «እንብላ»፣ «እንሂድ»፣ «ምን ይሻላል?» የላቸውም። ከዚህ የተነሣ ከልጇ ጋር ብዙ ነገር በ«እኛ» መናገር ጀመረች፤ ሳታስበው ንግግሯ ሁሉ አብሮነት ሆነ። (አንዱ አባት «ለምን እርስዎ አልለውም፣ ጾታ የለውም» ብሎ ሁሉንም አስቋቸዋል።)

ስሙ ግን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስቲቨን ራስል ከባልደረቦቹ ጋር 129 ትራንስ ወጣቶችን አጥንቷል። በመረጡት ስም የሚጠሩበት ቦታ አንድ በጨመረ ቁጥር፣ ቤት ወይ ትምህርት ቤት ወይ ሥራ ወይ ጓደኞች ጋ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ በ29 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ስሙ ብቻውን ነው ያዳናቸው ማለት አይቻልም፤ ጥናቱ አብሮ መታየታቸውን ነው የሚያሳየው። ግን አንድ ስም ለመጥራት የሚወጣው ወጪ ምንድን ነው?

ከግድግዳው ማዶ

የመካከሉን መንገድ እኛም እናውቀዋለን። እናቴ «ተበላ?» «ተተኛ?» ስትለኝ እየሸሸች እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እየሸሸችም ወደኔ ነው የምትመጣው። ለአንድ ሁለት ወር ጥሩ ነው። ለዓመት ከሆነ ያማል።

ሁለቴ የተሳሳትኩ

ጡረተኛዋ «ሽሺው» ስላለችው ሰው እኔ ልጻፍ። እኛ አልሸሸንም።

የመጀመሪያው ቴራፒስት በስልክ በጣም ደስ የሚል ሰው ነበር። «በስድስት ወር ወደ ተፈጥሮው እንመልሰዋለን» አለን። ይህን ስሰማ እጁን ልስም ምንም አልቀረኝ። ልጄን የወንድ አካሄድ ያለማምዳታል፣ የቤት ሥራ ይሰጣታል፣ ስትሳሳት እንድንቀጣ ያዘናል። የቤተሰብ ቴራፒ ይለው ነበር፣ ቤተሰቡ ፖሊስ ስለሆነ መሰለኝ። ልጄ በአራተኛው ወር ክንዷን መቁረጥ ጀመረች። እኔ ያወቅሁት ከዚያም ሁለት ወር ዘግይቼ ነው።

ይህ ነገር ስም አለው፣ የመቀየር ቴራፒ ይባላል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 የሰውን የጾታ ማንነት ለመቀየር የሚደረግ ሙከራ ጎጂ ነው ብሎ በይፋ ተቃውሟል። ማልታ በ2016 በሕግ ከልክላለች፤ ጀርመን በ2020 ለታዳጊዎች፤ ካናዳና ፈረንሳይ በ2022። እኔ ይህን ያወቅሁት ልጄ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ስልኬ ላይ ሳነብ ነው።

ሁለተኛይቱ ቴራፒስት ደግሞ በተቃራኒው። ገና በመጀመሪያው ቀን ልጄን ሳትሰማ ቀጣዮቹን እርምጃዎች ሁሉ ደርድራ ሰጠችን። ልጄ ራሷ «ቀስ በይ፣ እኔ ገና አልጠየቅሁም» አለቻት። ሦስተኛዋ ጋ ነው የተሳካልን። በስልክ «ለልጄ ምን ትመኚለታለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «በሚቀጥለው ዓመት በሕይወት እንዲኖርና ከናንተ ጋር እንዲነጋገር። የቀረውን እሱ እያወቀው ይሄዳል» አለችኝ። ያኔ እኔም «እሱ» ነበር የምለው፣ እሷም የኔን ቃል ተከትላ ነው። ልጄ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ግን ቴራፒስቷ መጀመሪያ የጠየቀችው «ምን ብዬ ልጥራሽ፣ ወይስ ልጥራህ?» ብላ ነው።

ባለ ሁለት ልጅ

ዝምተኛዋ ባሏን ከበሩ ለማስወጣት የሚጠቅም አንድ ነገር ላክል። ኬትሊን ራያን የምትባል ተመራማሪ በሳን ፍራንሲስኮ ስለ ቤተሰብ ብዙ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ጥናት እነሆ፦ በጉርምስናቸው ከቤተሰባቸው ከፍተኛ መገለል የደረሰባቸው ወጣቶች፣ ካልደረሰባቸው ወይም ትንሽ ከደረሰባቸው ይልቅ ራስን የማጥፋት ሙከራ 8.4 እጥፍ በዝቶባቸው ተገኝቷል። ጥናቱ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ሁለቱንም ጾታ በሚያፈቅሩ ወጣቶች ላይ ነው፣ በትራንስ ላይ አይደለም። ይህን ቴራፒስታችን ራሷ ነግራናለች፣ አልደበቀችንም።

እኔን የነካኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። «መገለል» ብለው የቆጠሩት ነገር ነው። ዱላ ብቻ መስሎኝ ነበር። የለም። ከቤተሰብ ዝግጅት ማስቀረት፣ ጓደኞቹን መከልከል፣ «አሳፈርከን» ማለት፣ ስለ ጉዳዩ እንዳይናገር ዝም ማሰኘት። የመጨረሻዋ ቤታችን ውስጥ ሕግ ነበረች። እኔ ነኝ ያወጣኋት፣ ለሰላም ብዬ።

ቴራፒስቷ «አምነህ ባትቀበል እንኳ፣ ከምታደርገው የትኛውን ነገ ማቆም ትችላለህ?» አለችኝ። አንዷን አቆምኩ። ማመኑ፣ ከመጣ፣ በኋላ ነው የመጣው። ሙሉ በሙሉ መጣ ብዬ አልዋሽም። አሁንም አንዳንድ ቀን አለ።

የማታ አንባቢ

ለዝምተኛዋ ባል ከሆነ አንዲት ነገር። «ችግሩ ያለው እሱ ጋ» ላለው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው ይህን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ድብርቱ ሕመም ነው፣ ይታከማል። ትራንስ መሆኑ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሁለቱን መለየት ቴራፒ ውስጥ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ዝምተኛዋ

ሰባት ሳምንት ሆነኝ ሳልጽፍ። ስለጠፋሁ ይቅርታ።

ባለቤቴ መጣ። «እንዳይሞት» አልኩት፣ ባላችሁኝ ቃል። መኪናውን አቁሞ ለሩብ ሰዓት ያህል አልወረደም፣ ከዚያ ወረደ። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ! ባለ ሁለት ልጅ፣ አንተን አስቤ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

አምስት ቀጠሮ ሄደናል። ሦስቱ ለየብቻ ናቸው። የደኅንነት ዕቅድ ሠርተናል፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሲከፋት የሚታዩት ምልክቶች፣ ለብቻዋ ልታደርጋቸው የምትችላቸው ነገሮች፣ የምትደውልላቸው ሰዎች። ሦስተኛ ስም እኔ ነኝ። አንደኛ አለመሆኔ ትንሽ ቆረቆረኝ፣ ግን አለሁበት። ድብርቱን ሌላ ሐኪም ይከታተለዋል። እንቅልፏ ተሻሽሏል፣ ትምህርቷ ገና ነው። ፊት ለፊት የምትናገርበት ቀጠሮ የሚቀጥለው ነው። ፈርቻለሁ።

ስሟን እኔ እጠራታለሁ፣ እየተሳሳትኩ። ስሳሳት አርሜ አልፋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይቅርታ እያልኩ አለቅስ ነበር፤ «እማ፣ ይቅርታሽ ከስህተቱ ይረዝማል» አለችኝ።

አባቷ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። አከራክሬው ሰለቸኝ፣ ተውኩት። ግን ቅዳሜ ዕለት በሯን አንኳኳ። ያ ሰው አንኳኩቶ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ነበር የሚከፍተው። «ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ» አለ። ከፈተችለት። ሳሎን ሆኜ እሰማለሁ። «ቻርጀር ይዘ...» ብሎ ጀመረና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ቆመ። እኔም መተንፈስ አቆምኩ።

«ቻርጀር አለ?» ብሎ ጨረሰው።

«አለ» አለችው።

ጠረጴዛው ላይ የሱ ቻርጀር ተሰክቶ ነበር።